የግቢ አትክልት፦ በድርሻ፣ በደቦ ወይስ በእኩል?

ባለፈው ሰሞን አንዲት ጓደኛዬ ደወለችልኝ። የምትኖርበት ኮንዶሚኒየም ግቢ ጥግ ላይ ባዶ ቦታ አለ። ጎረቤቶቿ ተሰብስበው «አትክልት እንትከልበት» ተባብለዋል። እሷን ጸሐፊ አድርገዋታል። «ምን ብንተክል ይሻላል?» አለችኝ። እኔ ደግሞ «ረቡዕ ቀን ማን ያጠጣል?» አልኳት። ዝም አለች።

ምን እንደሚተከል ማንም ይነግራችኋል። ጉሊት ያለችው እማማም ከኔ በተሻለ ትነግራችኋለች። የጋራ አትክልት ቦታ ግን በዘር ምርጫ ሲሞት አላየሁም። የሚሞተው በረቡዕ ቀን ነው።

የኛ ግቢ አትክልት አንዴ ሞቶ የተነሳ ነው። ሰኔ ላይ ስንጀምር ግቢው ሰው በሰው ነበር። ዶማ የያዘው፣ ፎቶ የሚያነሳው፣ ቡና የምታፈላው፣ እጁን ኪሱ ከትቶ የሚያዘው። ክረምት ላይ ሁሉም ገበሬ ነው፤ ዝናቡ ያጠጣለታላ። መስከረም አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ሰውም ጠፋ። ኅዳር ላይ የቀረነው ሦስት ነበርን። ጥር ላይ ቆስጣው ደርቆ ገለባ መሰለ።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የማወዳድራቸው በአንድ ሚዛን ነው። ዝናብ በሌለበት፣ ሰው ሁሉ ሥራ በዋለበት ቀን አትክልቱን የሚያየው ማነው?

መጀመሪያ ቦታው

የኮንዶሚኒየም ግቢ የጋራ ነው። ስለ ጋራ ሕንፃ ቤቶች በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 370 የጋራ የሆነውን ነገር በቤት ባለቤቶች ማህበር ሥር ያደርገዋል። ስለዚህ ምድር ላይ ያለው ጎረቤታችሁ «በሬ ፊት ነው» ብሎ ብቻውን ሊያጥረው አይገባም። እናንተም አምስት ሆናችሁ ተነስታችሁ ልትቆፍሩት አይገባም። ማህበሩ ተሰብስቦ ይወስን፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ይፈረም። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ቆይቶ «እዚህ ጋ መኪና ይቁም» የሚል ሰው ሲመጣ ግን ያቺ ወረቀት ናት የምታድናችሁ።

ያሰባችሁት ቦታ ከግቢ ውጭ ከሆነ ጉዳዩ የወረዳ ነው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ የጓሮ አትክልት ነገር ሲነሳ ጆሮ የሚሰጥ አይጠፋም። የከተማ ግብርና ባለሙያውን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ወንዝ ዳር ከሆነ ግን አንድ ነገር ልበል። የአቃቂ ወንዝና ገባሮቹ የፋብሪካውንም የመኖሪያውንም ፍሳሽ ይዘው ነው የሚወርዱት። ብዙዎቻችን በግቢ መትከል ያማረን ከዚያ ውሃ የጠጣ ሰላጣ ሸሽተን ነው። በዚያው ውሃ ልታጠጡ ከሆነ ይቅርባችሁ።

ግቢ ውስጥ ቦታ ስትመርጡ ፀሐይ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ይምታው። የሕንፃ ጥላ የሚበዛበት ጎን ቆስጣና ናና ይችል ይሆናል፣ ካሮት ግን ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል። የሴፕቲክ ታንክ ክዳን አጠገብ አይሁን፤ ሞልቶ ሲፈስ ወደ መደባችሁ ነው የሚመጣው። ሦስተኛውን ሰው ሁሉ ይረሳዋል። የድንኳን ቦታ! ለቅሶ ሲመጣ ድንኳኑ የት ነው የሚተከለው? እኛ ግቢ የመጀመሪያው የካሮት መደብ በአንድ ሌሊት በካስማ ተበሳስቶ፣ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮበት አደረ። ማን ላይ ይቆጣል? ለቅሶ ነው።

አንደኛው መንገድ፦ የድርሻ መደብ

ቦታው ይለካል፣ ይሸነሸናል፣ ዕጣ ይወጣል። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ መደብ። ስፋቱ 1 ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከሁለቱም ወገን እጅ መሃሉ ላይ ስለሚደርስ አፈሩን የሚረግጥ አይኖርም። ርዝመቱን 5 ሜትር ብትሉት 5 ካሬ ይሆናል። ትንሽ ይመስላል። ቆስጣ ከተተከለበት ግን ለአንድ ቤት ወጥ የሚበቃ ቅጠል በየሳምንቱ ይወጣዋል።

ዓለም ላይ በብዛት ያለው ይሄኛው ነው። እንግሊዝ ውስጥ የተለመደው ድርሻ 250 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ጀርመን በ1983 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ አንድ ድርሻ ከ400 ካሬ እንዳይበልጥ ይላል። አሜሪካ፣ ሲያትል ላይ የከተማው አስተዳደር ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለነዋሪ መደብ ያድላል። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ጎመንና ጤና አዳም የሚተክሉት እንዲህ ባለው ቦታ ላይ ነው። የኛን 5 ካሬ ከነሱ ጋር ሳወዳድር ሳቄ ይመጣል። ግን እነሱም ጋ ሆነ እኛ ጋ ሕጉ ያው ነው፤ ያላለማ ይነጠቃል፣ ተራ የሚጠብቅ ይገባል።

የድርሻ ጥሩው ነገር ስንፍና ባለቤቱን ብቻ መጉዳቱ ነው። ያጠጣ ይበላል፣ ያላጠጣ ያያል። ስብሰባ አይበዛም። «እኔ ስቆፍር እሱ የት ነበር?» የሚል ጭቅጭቅ የለም። ማን እንደሠራ መደቡ ራሱ ይናገራል፣ አንዳንዴም ሰው ከሚፈልገው በላይ ጮክ ብሎ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት አባባ በረንዳቸው ላይ ቆመው መደቦቹን እንደ ፈተና ወረቀት ያርማሉ።

መጥፎው ደግሞ የተተወ መደብ የባለቤቱ ብቻ ሆኖ አለመቅረቱ ነው። አረሙ ዘር ያፈራል፣ ነፋስ ያመጣላችኋል። ክሽክሹ ከሱ ጎመን ተነስቶ እናንተ ጎመን ላይ ይሰፍራል። ስለዚህ ድርሻ ስትመርጡ አንድ ቀጭን ሕግ ቀድማችሁ አስቀምጡ። ለሦስት ሳምንት ያልተነካ መደብ ለሚቀጥለው ተራ ጠባቂ ይሰጣል። ይህን ሕግ መጻፍ ያለባችሁ ማንም ሳይሰንፍ በፊት ነው። ከሰነፈ በኋላ የሚጻፍ ሕግ ስም ያለው ሰው ላይ የወጣ ይመስላል፤ ነውም።

ሌላው ችግር ቁጥር ነው። 40 አባወራ ላለበት ግቢ 12 መደብ ካለ 28 ሰው አኮረፈ ማለት ነው።

ሁለተኛው፦ በደቦ

ብዙ ሰው ልቡ የሚሄደው ወደዚህ ነው። ሁላችን እንቆፍር፣ ሁላችን እንትከል፣ ሁላችን እንካፈል። ቅዳሜ ጠዋት ዶማና አካፋ፣ ከዚያ ቡና፣ ከዚያ ጨዋታ። እውነቱን ለመናገር ከሦስቱ ደስ የሚለው ይሄ ነው። ሰባት ዓመት አንድ ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ ኖረን ስሙን የማላውቀውን ጎረቤት ያወቅኩት ድንች ስንኮተኩት ነው።

ግን «ደቦ» ስንል አንድ ነገር እንዘነጋለን። ገጠር ያለው ደቦ ባለቤት አለው። ማሳው የአንድ ሰው ነው። ጎረቤት መጥቶ ቀኑን ሙሉ ያግዘዋል፤ ባለቤቱ ያበላል፣ ያጠጣል። ወንፈል ከሆነ ደግሞ ነገ በተራው ሄዶ ይመልሳል። ሰው ሁሉ ተጠርቶ የሚመጣው ለአንድ ቀን ነው። በማግስቱ ማሳውን የሚያየው፣ ከብት የሚያባርረው፣ ሌሊት ዝናቡ ሲከብድበት እንቅልፍ የሚያጣው ባለቤቱ ነው። የኛ የግቢ ደቦ ይሄን ሰውዬ ረስቶት ነው የተነሳው። ሁሉም ሊያግዝ መጣ፤ የሚታገዘው ሰው ግን የለም።

ለዚህ ነው የጋራ መደብ ከደቦ ይልቅ ከእድር መማር ያለበት የምለው። እድር የሚቆመው በፍቅር ብቻ አይደለም። መዝገብ አለው፣ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ቅጣቱም ይከፈላል። ደግሞ ማንም አይቀየምም፤ ሕጉ ለሁሉም እኩል ነዋ። በጋራ ልትሠሩ ከመረጣችሁ ለየወሩ አንድ ባለቤት ሹሙ። ያ ሰው ሁሉንም አይሠራም። ማን እንዳጠጣ ያያል፣ ያላጠጣውን ይደውልለታል፣ ትል ከገባ ያስታውቃል። ወር ሲያልቅ ቁልፉንና መዝገቡን ለሚቀጥለው ያስረክባል። ቅጣቱን አነስተኛ አድርጉት፣ ግን ተቀበሉ። ያልተሰበሰበ ቅጣት ካለመቅጣት ይብሳል።

መካፈሉም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በቤት ቁጥር ይሁን ወይስ በሥራ ቀን? በሥራ ቀን ከተባለ ወገባቸውን የሚያማቸው እትዬ ምንም ላያገኙ ነው። በቤት ከተባለ አንድ ቀን እንኳ ብቅ ያላለ ሰው ፌስታል ይዞ ይመጣል። እኛ ጋ የሠራው ዘዴ ይሄ ነው፤ ሥራን ከቁፋሮ ብቻ አለመቁጠር። የወጥ ቤት ልጣጭ በየቀኑ ለኮምፖስት ለይቶ ማውረድ ሥራ ነው። ችግኝ በረንዳ ላይ ማፍላት ሥራ ነው። ቅዳሜ ቡናውን ማፍላትም ሥራ ነው፣ ያውም ከባዱ። እትዬ አሁን ከሁላችንም በላይ ቀን አላቸው።

ሦስተኛው፦ በእኩል

የግቢው ሰው ሁሉ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ከሆነ እውነቱን ተነጋገሩ። ማንም አያጠጣም። እንግዲህ ለሚውል ሰው መስጠት ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ሰው የግቢው ጥበቃ ነው፣ አለዚያ በሰፈሩ ያለ አትክልተኛ። ማህበሩ መሬቱን፣ ውሃውንና ዘሩን ያቀርባል፤ እሱ ጉልበቱን። ምርቱ እኩል ለእኩል ወይም በሲሶ ይከፈላል።

ቃሉ ራሱ ጆሮ ላይ ትንሽ ይከብዳል። «መሬት ለአራሹ» ተብሎ በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ የወጣበት አገር ልጆች ነን፤ ግቢያችን ውስጥ የእኩል አራሽ ስናስቀምጥ ፈገግ ያሰኛል። ቢሆንም ከሦስቱ ረቡዕን በደንብ የሚመልሰው ይሄ ነው። ሰውየው በየቀኑ እዚያው ነው። በረዶ ሲወርድ ላስቲክ የሚያለብሰው፣ ልጆች ኳሳቸውን ፍለጋ ሰላጣው ውስጥ ሲገቡ የሚጮህባቸው እሱ ነው።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እሱ የሚተክለው ቶሎ የሚሸጥ ነገር ይሆናል። መብቱ ነው። እናንተ ኮሰረትና በሶብላ አምሯችሁ እሱ ግቢውን በሙሉ ሰላጣ ቢያደርገው መውቀስ አይቻልም። ሁለተኛ፣ ጥበቃው መጀመሪያ የተቀጠረው በር ሊጠብቅ ነው። አትክልቱ ሲያድግ በሩ ይዘነጋል፣ በሩ ሲጠበቅ አትክልቱ። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ሳይስማሙ ማሠራት ነው። «ወንድሜ፣ ይቺን ነገር ውሃ ጣል አርግባት» እየተባለ አንድ ሰው ዓመት ሙሉ በነፃ ያጠጣል። ይሄ ደቦም አይደለም፣ እኩልም አይደለም። ጉልበት መብላት ነው።

ታዲያ የቱ?

ቤቶቹ ከአስር የማይበልጡ ከሆነና ሰዉ እርስ በርሱ የሚተዋወቅ ከሆነ በጋራ ሥሩ። ጡረታ የወጡ ወይም ቤት የሚውሉ ሁለት ሦስት ሰዎች ካሉ ደግሞ ያለ ጥርጥር። ግቢው ትልቅ ከሆነና ሰዉ የማይተዋወቅ ከሆነ ከድርሻ ጀምሩ። መተማመን ከሌለ የጋራ መደብ መተማመን አያመጣም፤ ያለችውንም ይጨርሳታል። ግቢው ቀን ቀን ባዶ ከሆነ በእኩል፣ ግን በጽሑፍ።

እኛ ከሞትን በኋላ ስንነሳ የመረጥነው ቅልቅል ነው። ድርሻ መደብ ለፈለገ ሰው አለ። አንድ ረዘም ያለ የጋራ መደብ አለ። ጥበቃው ደግሞ ምርት ሳይሆን በወር የተቆረጠ ክፍያ ያገኛል፤ ለዚህም በሳምንት አራት ቀን ሁሉንም ያጠጣል። ቀሪው ሦስት ቀን የኛ ነው። ዋጋውን አልጽፍም፤ በዚህ ኑሮ ጽሑፉ ሳይነበብ ይለወጣል። ለአንድ ቤት የሚደርሰው ግን ከሁለት እስር ጎመን ዋጋ የሚዘል አልነበረም።

ለኔ ቢተው ሁሉም ግቢ በዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል። ቅር የሚለኝ አንድ ነገር አለ። ማጠጣቱ ወደ ጥበቃው ሲሄድ ቅዳሜ የሚመጣው ሰው ቀንሷል። ቡናውም አንሷል።

ውሃው ይበቃል?

እዚህ ላይ ትንሽ ሂሳብ አለ፣ አትዝለሉት። አዲስ አበባ በበጋ፣ በተለይ የካቲትና መጋቢት ላይ፣ አንድ ካሬ ሜትር መደብ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። 5 ካሬው መደብ ከ20 እስከ 25 ሊትር ማለት ነው። አንድ ቢጫ ጀሪካን። 20 መደብ ካላችሁ በቀን 20 ጀሪካን። 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አራት ወይም አምስት ቀን ያቆያችኋል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ፈረቃው በስንት ቀን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጡ። የፈረቃው ቀን ከበለጠ መደብ ቀንሱ፣ ወይም ሮቶ ጨምሩ።

ምንጮቹን ላወዳድር። ቧንቧ ቀላሉ ነው፤ ጠቡ ያለው ቆጣሪው ላይ ነው። የጋራ ቆጣሪ ከሆነ መደብ የሌለው ሰው «የናንተን ቆስጣ እኔ ላጠጣ?» ይላል፤ ልክ ነው። የአትክልቱ አባላት ለውሃ የተለየ መዋጮ ያስገቡ። የጣሪያ ዝናብ ነፃ ነው። 100 ካሬ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከወረደ 1,000 ሊትር ነው፤ አሸንዳው የሚያፈሰውን ብትቀንሱ 800 ገደማ። ጥሩ ዝናብ ሲመጣ አንድ ከሰዓት በኋላ ሮቶውን ሊሞላው ይችላል። ግን አትታለሉ። ዝናቡ በሚወርድበት ወቅት አትክልቱ ውሃ አይፈልግም። በሚፈልግበት ወቅት ጣሪያው ደርቋል። የጣሪያ ውሃ የሚጠቅማችሁ በበልግ ዝናቡ መጣ ሄደ ሲል ያሉትን ክፍተቶች ለመሙላት ነው። የወጥ ቤት ውሃ ሦስተኛው ነው። ሩዝና አትክልት የታጠበበት ይሁን። ሳሙናና በረኪና የነካው ቅጠል ላይ አይድረስ።

ከሁሉም የሚረክሰው ግን ጉዝጓዝ ነው። ደረቅ ሣር መደቡ ላይ አንድ ጣት በሚያህል ውፍረት ጎዝጉዙ። አፈሩ ቶሎ አይደርቅም፣ አረሙም ይታፈናል። እኛ ጋ የማጠጣቱ ሥራ የቀለለው በዚህ ነው። ለበዓል የተጎዘጎዘው ሣር በማግስቱ ወዴት እንደሚሄድ አሁን ገባችሁ።

አንድ የአቆጣጠር ነገር ልጨምር። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የሚውለውም በየካቲትና በሚያዝያ መሃል ነው። ጎመን በጣም የሚፈለግበትና ውሃ በጣም የሚጠፋበት ጊዜ አንድ ላይ ገጥመዋል። ለጾም እንዲደርስ የምትፈልጉትን ታኅሣሥ ላይ አፍልታችሁ፣ ጥር ላይ ግማሹን መደብ አሳርፋችሁ፣ ያለችውን ውሃ ለጎመኑና ለቆስጣው ብቻ ስጡ።

የሚተከለው ከአካፋፈሉ ጋር ይሂድ

ጓደኛዬ ወደጠየቀችኝ ጥያቄ አሁን መጣሁ። አትክልት ለኔ ሁለት ዓይነት ነው። ቆስጣ፣ ጎመን፣ ሰላጣና ናና ቅጠል በቅጠል፣ በየጊዜው ይለቀማሉ። ድንች፣ ካሮት፣ ቀይ ስር፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን በአንድ ቀን ይነሳሉ። የመጀመሪያዎቹን የጋራ መደብ ላይ አትትከሉ። ማን መቼ ስንት ቅጠል ቆረጠ የሚለውን የሚያውቅ አምላክ ብቻ ነው። እኛ ግቢ የመጀመሪያው ኩርፊያ የተነሳው በጎመን ነው፤ ማታ ማታ እየሳሳ ጠዋት ሁሉም «እኔ አልነካሁም» ይላል። ሁለተኛዎቹ ግን ለጋራ የተፈጠሩ ናቸው። አንድ ቅዳሜ ይቆፈራሉ፣ ሚዛን ላይ ይወጣሉ፣ በዓይን እየታየ ይከፈላሉ።

ካሮት ሦስት ወር ተኩል ገደማ ይወስዳል፣ ድንች ከሦስት እስከ አራት ወር፣ ነጭ ሽንኩርት ከዚያ ትንሽ ይዘገያል። ቆስጣ በሁለት ወር ውስጥ መቆረጥ ይጀምርና ወራት ይቀጥላል። ድንችን በክረምት ብትተክሉ ቅጠሉን የሚያጠቁረው ምች አይለቃችሁም። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ውርጩ ድንቹንም ቲማቲሙንም ቃሪያውንም ያቃጥለዋል። ጎመን፣ ቆስጣና ነጭ ሽንኩርት ብርዱን ይችሉታል። ቲማቲም ለጀማሪ አልመክርም። የሚያምር ነገር ነው፤ እንደሚያምረው ሁሉ ያስለቅሳል።

ጠርዝ ጠርዙን ለጤና አዳም፣ ለበሶብላ፣ ለጥብስ ቅጠል፣ ለኮሰረት ተዉት። እነዚህን ማንም ቢቆርጥ ማንም አይከፋውም። ለቡና አንዲት ቅጠል ነቅሎ የሚሄድ ሰው ግቢው የኔም ነው ማለት ይጀምራል።

መሬት፣ ጆንያ ወይስ ሳጥን?

እዚህ ላይ አልቆይም። ኮንዶሚኒየም ግቢ ሲቆፈር አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው አፈር ሳይሆን ገረጋንቲ፣ የብሎኬት ስባሪና የሲሚንቶ ከረጢት ነው። አንድ አካፋ ጥልቀት ቆፍራችሁ እዩ። አፈር ካለ መሬት ላይ ሥሩ፣ የሚረክሰው እሱ ነው። ጥቁር ዋልካ ከሆነ መደቡን ከመተላለፊያው ከፍ አድርጉት፤ አለዚያ ነሐሴ ላይ ሥሩ ይበሰብሳል። ፍርስራሽ ከሆነ በብሎኬት ወይም በጣውላ አጥራችሁ ሁለት ስንዝር አፈርና ኮምፖስት ሙሉበት። አፈሩን መግዛትና ማስጫን ወጪ አለው።

ጆንያ ቦታ ለሌለው ነው። ናይሮቢ፣ ኪቤራ ውስጥ ሰዎች በጆንያ ሆድ ላይ ዙሪያውን ቀዳዳ አበጅተው ቅጠላ ቅጠል ያበቅላሉ። እኛም አራት ሞከርን። ይሠራል፤ ግን ከመሬት ይልቅ ቶሎ ይደርቃል፣ ከላይ ያጠጣችሁት ታች ላይደርስ ይችላል። መሃሉ ላይ ጠጠር ከላይ እስከ ታች እንደ ቱቦ አድርጋችሁ ሙሉ፣ ውሃውም በዚያ ይውረድ።

ኮምፖስቱ ከየትኛውም ጋር ይሄዳል። ልጣጭ፣ ደረቅ ቅጠል፣ የጀበና አተላ፣ በመሃል በመሃል አፈር። በአዲስ አበባ ብርድ ሦስት አራት ወር ጠብቁ። ሥጋና ቅባት ከገባበት አይጥ ትጠራላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ማህበሩን ማሳመን አይቻልም። የዶሮ ፍግ ካገኛችሁ ትኩሱን አትጠቀሙ፣ ያቃጥላል።

ለሚገባ ሰው፣ በተለይ ለተከራይ

ያለ አትክልት ቦታ ውስጥ ልትገቡ ከሆነ መጀመሪያ መዝገቡን ጠይቁ። መዝገብ የሌለው ቦታ ላይ መዋጮ አትክፈሉ። ከዚያ ራሳችሁን እወቁ። ቅዳሜ እየሠራችሁ የምትውሉ ከሆነ የጋራ መደብ ውስጥ ገብታችሁ በቅጣት አትደኽዩ፤ ድርሻ ያዙ ወይም መዋጮና ልጣጭ አምጡ። ማታ የምትገቡ ከሆነ ማታ ማጠጣት ይቻላል፤ በውርጭ ወራት ግን ቅጠሉን አታርጥቡት፣ ሥሩን ብቻ። በጎችን በተመለከተም አንድ ነገር ስሙ። ለፋሲካም ለአረፋም ግቢው ውስጥ በግ ይታሰራል። ገመዱ የሚደርስበትን ርቀት ለክታችሁ ከመደቡ ሁለት እርምጃ ጨምሩበት። እኛ አንድ ዓመት የጋራውን ጥቅል ጎመን በሙሉ ያካፈልነው ለአንድ ሙክት ነው። ባለቤቱ ካሳ ብሎ አንድ ጎድን ይዞ መጣ፤ ተቀበልን።

ተከራይ መደብ ይያዝ አይያዝ የሚለው በየግቢው ያጨቃጭቃል። ባለቤቶች «ነገ ይለቃል» ይላሉ። ይለቃል። ግን ብዙ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቀን ቀን የሚገኘውም፣ ልጆቹን ይዞ ግቢው ውስጥ የሚያመሸውም ተከራዩ ነው። እሱን አስወጥታችሁ ረቡዕን የሚመልስላችሁ ማንን ልታመጡ ነው? እኛ የጻፍነው ሕግ አጭር ነው። ተከራይ እንደማንኛውም ሰው ዕጣ ያወጣል። አቮካዶም ሆነ ሌላ ዓመታት የሚቆይ ዛፍ አይተክልም፤ ዛፍ የማህበሩ ነው። ሲለቅ ከአንድ ወር በፊት ያሳውቃል፣ የደረሰውን ያነሳል፣ ያልደረሰውን ለተረኛው ትቶ መደቡን ያስረክባል። በጣሳ ያለውን ጤና አዳም ግን ይዞ ይሄዳል።